ሻሼ የጾመችው ሁዳዴ

ድመት ወይም ውሻ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያሳድግ ሰው ክሊኒኬ ሲመጣ ምክሬን ከክትባት አልጀምርም። ስለ እብድ ውሻ በሽታ፣ ስለ ወስፋት መድኃኒት፣ ውሻን ቀኑን ሙሉ አስሮ ስለ ማዋል የምናገረው ሞልቶኛል፤ እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ የምናገረው አንድ ነገር ነው። «ድመት አትጾምም» እላለሁ። ሰዉ ይስቃል። እኔ አልስቅም።

ሁዳዴ ሲገባ የባሕር ዳር ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ደጃቸው ላይ የሚውሉት ውሾች ሆዳቸው ከጀርባቸው ይጣበቃል። በፋሲካ ማግስት ደግሞ የበግ አጥንት ከውሻ ጉሮሮ ሳወጣ እውላለሁ። የከተማችን እንስሳት የሚኖሩት በእኛ ቀን መቁጠሪያ ነው፤ ስንጾም ይራባሉ፣ ስንፈስክ ይታመማሉ። ውሻው እንኳ ይችለዋል፤ ከእህሉም ከአጥንቱም ተቀላቅሎ ቢሰጠው ይኖራል። ድመት ግን ሥጋ ወይም ዓሣ ካላገኘች አትኖርም። ይህን ሳስረዳ ድምፄ ከፍ ስለሚል ባልደረቦቼ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ። ይህን ከዩኒቨርሲቲ በፊት ያስተማረችኝ እናቴ ናት፤ እኮራበታለሁ። ችግሩ፣ እሷ ስታስተምረኝ እኔ የተማርኩት ሌላ ነገር መሆኑ ነው።

ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። የምንኖረው ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ሐይቁ ከሚሸትበት ሰፈር፣ በእትዬ ፅጌ ማርያም ግቢ ተከራይተን ነበር። አባቴ አበራ የደሴ ልጅ ነው፤ ሥራ አምጥቶት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ሆኖ ቀረ። እናቴ ፀሐይወርቅ ደግሞ ደቅ ደሴት ተወልዳ ያደገች፣ እዚያው ፋብሪካ ክር መፍተያው ላይ የምትሠራ ሴት ናት። የጠዋት ፈረቃ ስለነበረች ከሥራ የምትወጣው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። በግቢው ውስጥ ሌሎችም ተከራዮች ነበሩ፤ ማድቤቱ ግን አንድ ነበር፤ የሁላችንም ድስት አንድ መደርደሪያ ላይ ነበር የሚውለው።

ያን ዓመት አይጥ የጤፍ ጆንያችንን ቀዳደደብን። አባቴ አንድ ቀን ከፋብሪካ ሲመለስ በጃኬቱ ውስጥ አንዲት ግልገል ድመት ይዞ መጣ። ሰውነቷ ግራጫ ነው፤ አናቷ ላይ ብቻ ሻሽ ያሰረች የሚያስመስል ነጭ አላት። ሻሼ አልኳት። ከእኛ ቤተሰብ ከዚያ በፊት ድመት ያሳደገ የለም፤ የምታድረው የት እንደሆነ እንኳ ስለማናውቅ የመጀመሪያው ሌሊት አባቴ ጫማ ውስጥ አደረች።

እትዬ ፅጌ ማርያም ጠዋት መጥተው ጫማውንም ድመቷንም አዩ። ረጅም፣ ነጠላቸው ሁልጊዜ ንጹሕ፣ ጾም የሚባል የማይቀራቸው ሴት ነበሩ። በቅበላው ሰሞን ማድቤቱን በአመድ የሚያስፈትጉት፣ የፍስክ ዕቃውን ለብቻ የሚያስቆልፉት እሳቸው ናቸው።

«አይጥ ከያዘች ትቀመጥ» አሉ። «ግን ሁዳዴ እየገባ ነው። ፍስክ የነካ አፏን አምጥታ የጾም ድስት ውስጥ ከከተተች የግቢው ሰው ሁሉ ገደፈ ማለት ነው። እሱን አልችልም። ያን ቀን በጆንያ አድርጋችሁ ከዓባይ ማዶ ትጥሏታላችሁ።»

«ዓሣስ፣ እትዬ?» አለች እናቴ። «ሐይቁ እዚህ ሆኖ...»

«ዓሣም ደም አለው። ሌላው ይብላ፤ የራሱ ጉዳይ ነው። እኔ ግቢ ግን በሁዳዴ ዓሣ አይገባም።»

ባሕር ዳር በጾም ዓሣ የሚበላም የማይበላም አለ፤ ክርክሩ መቼ እንደጀመረ የሚያውቅ የለም። እናቴ የማይበሉት ወገን ነበረች። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ሆና በሁዳዴ ዓሣ አፏ ገብቶ አያውቅም፤ ይህን ሁሉም ያውቅላት ነበር።

«እንግዲያማ ትጹም ነዋ» አለች እየሳቀች።

እትዬ ፅጌ ማርያም አልሳቁም። «ትጹም» አሉ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ይህን ስሰማ ስምምነት መሰለኝ። ሻሼ ተጠይቃ፣ እሺ ብላ፣ ለጾም የገባች መሰለኝ። አባቴ ጫማ ውስጥ ተጠቅልላ ዓይኗን ስትጨፍን እንኳ የተስማማች ነበር የምትመስለው።

ሁዳዴው ሲገባ ሽሮ በእንጀራ ፈትፍቼ ጠዋት ጠዋት አቀርብላት ጀመር። ታሸተውና ትታው ትሄዳለች። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። ሮጬ ሄጄ ለእትዬ ፅጌ ማርያም ነገርኳቸው፤ መጥተው ሳህኑን አዩ። «በይ እንግዲህ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማ ልትውል ነው» አሉ፤ ሲገረሙ የሰማኋቸው ያን ቀን ነው። አመሻሽ ላይ ርቧት ትንሽ ቀመሰች፤ ከዚያ በርሜሉ ጀርባ ሄዳ አስመለሳት። «ሆዷ ጾም ገና አለመደም» አሉ እትዬ።

ዛሬ ሰው ስልክ ደውሎ «ድመቴን አስመለሳት» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ሽሮው ውስጥ ሽንኩርት ነበረ ወይ ብዬ ነው። ቀይም ይሁን ነጭ፣ ሽንኩርት የድመትን ደም ይበላል፤ ለውሻም አይሆንም። ያኔ ይህን በግቢው ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም፤ እናቴም አታውቅም ነበር። እናቴ ያደረገችው ሌላ ነው። አንድ ማታ ሻሼን አንስታ በጀርባዋ አስተኛቻት፤ በአውራ ጣቷ የጎን አጥንቷን አንድ በአንድ ዳሰሰች። አባቴን አየችው።

በማግስቱ ለሥራ ስትወጣ ሻሼን ዘንቢሏ ውስጥ አድርጋ ወሰደቻት። «ፋብሪካው በር ላይ ዘበኞቹ ይይዙልኛል፤ ነፋስ ትቀበል» አለችኝ። እንዲህ ሰነበተች። ከዚያ በኋላ ዘንቢል አላስፈለገም፤ ስምንት ሰዓት አለፍ ሲል ሻሼ ራሷ ከእንቅልፏ ትነሣለች፣ ትንጠራራለች፣ በግቢው በር ሥር ሾልካ ወደ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ትሄዳለች። የቅዳሴው ደወል የሚሰማው በዚያው ሰዓት ነው። ስትመለስ ፊቷ እርጥብ ይሆናል።

እንግዲህ እኔ ምን ልበል? ድመቴ አስቀድሳ፣ ጸበል ተረጭታ መጣች ነዋ።

«እትዬ፣ ሻሼን ቅዳሴ ላይ አይተዋት ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እኔ ቅዳሴ ላይ ዓይኔ መሬት ነው» አሉኝ። «ድመት የማይበት ጊዜ የለኝም። ብትመጣ ግን ማን ይከለክላታል።»

ለእኔ ይህ እንደ ምስክር ነበር። ሰፈሩን አዳረስኩት። የክፍሌ ልጆች ከትምህርት መልስ ጾመኛዋን ድመት ለማየት ግቢያችን በር ላይ ይሰለፉ ጀመር። እኔ ሻሼን ታቅፌ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ፤ አናቷን መንካት እፈቅዳለሁ፤ ጭራዋን ግን አላስነካም። በዚያ ሰፈር የአበራ ልጅ፣ የተከራዮቹ ልጅ ነበርኩ። ሻሼ ከጾመች ወዲህ ስም አወጣሁ።

ባምላክ የሚባል የጎረቤት ልጅ ብቻ አላመነም። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም» አለ፤ ከአያቱ የሰማውን። «አይጥ ስትይዝስ?»

ይህ ከበደኝ። እትዬ ፅጌ ማርያም ከበረንዳቸው ሆነው መለሱልኝ። «አይጥ መያዝ ሥራዋ ነው። ሥራ አያስገድፍም» አሉ። እውነቱን ለመናገር ሻሼ ያኔ አይጥ ብታይ የምትሮጠው እሷ ነበረች።

እሷ ግን በየቀኑ እያማረባት ሄደ። ጸጉሯ አንጸባረቀ፣ ሆዷ ሞላ፣ ጨዋታ ጀመረች። እትዬ ፅጌ ማርያም የማኅበር ጓደኞቻቸውን እያመጡ ያሳዩአቸዋል። «እህል ብቻ ነው የምትበላው። ተመልከቱ ጾም ሥጋን ሲያለመልም» ይላሉ። ሴቶቹ ያማትባሉ። እኔ ደረቴ ይነፋል።

ደስታዬን ያበላሸው የእናቴ እጅ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጸጉሬን ትሠራኛለች፤ ጉልበቷ መካከል ተቀምጬ እጇ ግንባሬ ላይ ሲያርፍ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። ከሎሚው ሥር ደግሞ ሌላ ነገር። መጀመሪያ ሐይቁ መሰለኝ። ሌላ ቀን ግን የነጠላዋ ጥለት ላይ የዓሣ ቅርፊት ተለጥፎ አየሁ። አንስቼ በብርሃን አየሁት፤ ከዚያ በጥፍሬ ፈርፍሬ ጣልኩት። እናቴ ዓሣ ትበላለች። በሁዳዴ። እትዬ ፅጌ ማርያምን፣ እኛን፣ እግዚአብሔርንም ደብቃ።

ማንም እንዳይሰማብኝ ፈራሁ፤ አዘንኩም። አንድ ማታ ገበታ ላይ ሆነን አልቻልኩም።

«ሻሼ እንኳ እየጾመች...» አልኩ ሽሮዬን እያየሁ። «አንዳንድ ሰው ግን አያፍርም።»

አባቴ ጉርሻውን መለሰ። «ዜማ፣ ስሚ...» ብሎ ጀመረ።

«ብላ፣ አበራ» አለች እናቴ። ቁጣ አልነበረባትም። ወደ እኔ ዞራ ጉንጬን በእጇ ጀርባ ነካችው። «እውነትሽን ነው፤ ሻሼ ጎበዝ ናት» አለች። ከዚያም ለአባቴ፣ ቀስ ብላ፣ «ዝም አይነቅዝም» አለችው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ግንባሬን ከግድግዳው አስነክቼ ጸለይኩ። «አምላኬ ሆይ፣ እናቴን በሻሼ ጾም ይቅር በላት» አልኩ። ከልቤ ነበር። ምልጃዬ ቦታውን አልሳተም ብዬ አሁን አንዳንዴ እስቃለሁ።

ሆሳዕና ደረሰ። ከቅዳሴ መልስ የግቢው ሰው ሁሉ በእትዬ ፅጌ ማርያም በረንዳ ላይ ተሰበሰበ፤ በየዓመቱ የዘንባባ ቀለበት እየሠሩ ለሁላችንም በጣታችን የሚያጠልቁልን እሳቸው ናቸው። እኔ ፊቷ ገና እርጥብ የሆነችውን ሻሼን ታቅፌ ከፊት ነበርኩ። ለእኔ አጠለቁልኝ፤ ለሻሼም ትንሽ ቀለበት ሠርተው በጭራዋ አስገቡላት። ሁሉም ሳቀ። እናቴ ዘግይታ ገባች፤ እጇን በነጠላዋ እየጠረገች።

«ነይ፣ ፀሐይወርቅ፣ እጅሽን» አሉ።

እናቴ ትንሽ አመነታች። እጇን ዘረጋች። እትዬ ፅጌ ማርያም ቀለበቱን ጣቷ ጫፍ ላይ አድርሰው ቆሙ። እጇን ወደ አፍንጫቸው አቀረቡ፤ ገለበጡት። አንጓዋ ላይ አንዲት ቅርፊት ነበረች።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«የቀረሶ ዓሣ ቅርፊት ነው፣ እትዬ።»

አባቴ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«በሆሳዕና? ነገ ሕማማት ሊገባ?»

እናቴ ወደ እኔ አየች። እኔን፣ ከዚያ ጭኔ ላይ ዘንባባዋን የምትነክሰውን ሻሼን፣ ከዚያ እንደገና እኔን። ያ አስተያየቷ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። እኔ ዓይኔን ከእሷ አነሣሁ፤ አፍሬባት ነበር። በሩ አጠገብ ደግሞ ባዶ ጆንያ ተሰቅሎ ነበር፤ እሱን ልብ ያልኩት በኋላ፣ ካደግሁ ወዲያ ያን ቀን ሳስታውስ ነው።

«ዓሣውን የገዛሁት እኔ ነኝ» አለች። «ግቢዎ አላስገባሁትም። ጥፋት ከሆነ የኔ ጥፋት ነው፤ ለነፍስ አባቴ እኔ እናገራለሁ። ሌላ የምለው የለኝም።»

እትዬ ፅጌ ማርያም ቀለበቱን መለሱት፤ በመዳፋቸው ጨበጡት። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

«ኧረ አንች ልጅ» አሉ፤ «ከዚህች ድመት እንኳ ታንሻለሽ?»

እናቴ ምንም አልመለሰችም።

ሰው ስለሆነች ከግቢው አልተባረረችም፤ ሰው ይወድቃል፣ ይነሣል። ድስቶቻችን ግን ከጋራው መደርደሪያ ወረዱ። እናቴ እስከ ፋሲካ በረንዳችን ላይ በከሰል ምድጃ ለብቻዋ አበሰለች፤ የሚያልፍ ሁሉ ለምን እንደሆነ ያውቃል። የማኅበሩ ሴቶች ሰላምታቸውን አሳጠሩ። «የገዳፊዋ ልጅ» የሚለኝም አልጠፋ። ሻሼ ግን በክብር ማድቤቱ ደፍ ላይ ትተኛ ነበር።

በጣም የገረመኝ፣ እናቴ መሄዷን አልተወችም። ሕማማቱን ሙሉ ከሥራ ስትወጣ በሰው ፊት፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ ሐይቁ ትወርዳለች። መደበቁ አብቅቷል፤ ስሟን አስቀድማ ከፍላበታለች። ያኔ ልበ ደረቅነት መስሎኝ ነበር። ዛሬ ያን አካሄዷን ባስታወስኩ ቁጥር ወገቤ ቀጥ ይላል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ከግቢው ለቀን ወጣን፤ ሻሼም አብራን። ግልገሎቿን ግን የሰፈሩ ሰው ተሻምቶ ወሰዳቸው፤ የጾመኛ ዘር ነዋ።

እውነቱ የተገለጠልኝ የእንስሳት ሕክምና ስማር፣ ከምሳ በኋላ በሆነ እንቅልፍ በሚያመጣ ክፍለ ጊዜ ነው። መምህሩ ስለ አመጋገብ እያስረዳ ነበር። የድመት አካል ራሱ ሊሠራው የማይችል፣ ከሥጋና ከዓሣ ብቻ የሚያገኘው ነገር አለ አለን፤ ሲጎድልባት ዓይኗ ቀስ በቀስ ይጠፋል፣ ልቧ ይደክማል። ግልገልማ ከሆነች በእህል ብቻ አታድግም፣ ትመነምናለች፣ ትሞታለች። ሁሉም ይጽፋል። እኔ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ሻሼ አልመነመነችም። ሻሼ ያን ሁዳዴ አንጸባርቃ ነበር። እርጥቡ ፊቷ፣ የስምንት ሰዓቱ መንገድ፣ የእናቴ እጅ ሽታ አንድ ላይ መጡብኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ «ምን ሆንሽ?» ስትለኝ እያለቀስኩ ነበር፤ እየሳቅኩም ነበር።

ቅዳሜ ወደ ቤት ሄድኩ። ያን ጊዜ የራሳችንን ቤት ሠርተናል። እናቴ ደጅ ላይ ምስር ትለቅማለች። ሳልቀመጥ ጠየቅኳት።

«ለሻሼ ነበር፣ አይደል?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄደሽ ነው የደረስሽበት?» አለች። ከዚያ ነገረችኝ። አጥማጆቹ ዓሣ እየበለቱ የሚጥሉትን ትለምን ወይ ትገዛ ነበር፤ ሻይ የምትሸጥ ሴት እሳት ላይ በጣሳ ታስቀቅለዋለች፤ እሾሁን በጣቷ ለቅማ፣ አብርዳ ታበላታለች። ስትጨርስ በሐይቁ ውኃ አፏንና ፊቷን ታጥባታለች። «የእትዬን ድስት እንዳታስገድፍባቸው» አለች። ጸበሉ ይኸው ነው።

«ለነፍስ አባትሽስ ምን አልሻቸው?»

«ለአባ ዓምደ ሚካኤል? እውነቱን ነዋ። በጾም ድመት ዓሣ አበላሁ አልኋቸው። 'መቼ ክርስትና ተነሣች?' ብለው ሳቁብኝ። ንስሐም አልሰጡኝ።»

«ታዲያ ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?»

«አንች ምሥጢር መያዝ ትችይ ነበር? ከሰማሽ በቀትር እትዬ ያውቃሉ፤ በዘጠኝ ሰዓት ሻሼ ከዓባይ ማዶ ናት።» ምስሩን ነፋች። «ደግሞ ያ ኩራትሽ። ደረጃው ላይ ተቀምጠሽ ስትታዪ... እኔ ተሰድቤ አንች ብትኮሪ ምን አጎደለብኝ?»

ለእትዬ ፅጌ ማርያም ልንገራቸው አልኳት። እምቢ አለች። «ስለ ሻሼ ለስንቱ ሰው መስክረዋል። አሮጊት ሴት አታሳፍሪ። እንዳትነግሪያቸው» አለችኝ። ቃል ገባሁ፤ ዓመታት ጠበቅኩት።

ባለፈው ሁዳዴ፣ በሆሳዕና ዋዜማ፣ የክሊኒኬ በር ተከፈተና እትዬ ፅጌ ማርያም ገቡ። ጎብጠዋል፤ ነጠላቸው ግን ያው ንጹሕ ነው። በአንድ እጃቸው የዘንባባ እስር፣ በሌላው ክዳን ያለው ቅርጫት ይዘዋል። ልጆቻቸው ከተበተኑ ወዲህ ብቻቸውን እንደሚኖሩ ሰምቻለሁ። ቅርጫቱን ስከፍተው አናቷ ላይ ነጭ ያላት ግራጫ ድመት አየሁ።

«የሻሼ ዘር ናት» አሉ። «አምና ከጎረቤት አመጣኋት፤ ጓደኛዬ ናት። አሁን ግን መነመነችብኝ፣ ዓይኗም ፈዘዘ መሰለኝ፤ ከወንበር ጋር ትጋጫለች። አድኝልኝ፣ ዜማ።»

መረመርኳት። ጸጉሯ ደርቋል፣ የዓይኗ ብሌን በብርሃን አይጠብም። «ምን ይመግቧታል?» አልኳቸው፤ መልሱን እያወቅሁ።

«እኔ የምበላውን። በፍስኩ ወተት፣ በጾሙ ሽሮ። ረቡዕና ዓርብም ጾማ ትውላለች። ዘሯ የሚያውቀውን ጾም ምን ብዬ ላስገድፋት?»

ለእናቴ የገባሁትን ቃል አሰብኩ። ደግሞ ጠረጴዛው ላይ የምትንቀጠቀጠውን ድመት አየሁ። እናቴ በእኔ ቦታ ብትሆን ማንን እንደምታስቀድም አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ አሳይታኛለች።

«እትዬ፣ ድመት አትጾምም» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ሥጋ ወይም ዓሣ ካጣች ዓይኗ እንደሚጠፋ፣ ልቧ እንደሚደክም፣ ሽንኩርት እንደሚመርዛት፣ ወተትም ሆዷን እንደሚያበላሽ። የጠፋው ዓይኗ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል፤ ዛሬ ከጀመርን ግን ትተርፋለች አልኳቸው።

«ሻሼ ጾማ የለም እንዴ?» አሉ። «በዓይኔ ያየሁትን?»

«ሻሼ አልጾመችም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን በልታ ነው ያን ያህል ያማረባት?»

መመለስ አላስፈለገኝም። ዘንባባ የያዘው እጃቸው ቀስ ብሎ ወረደ። ወንበሩን በዳበሳ ፈልገው ተቀመጡ።

«ዓሣ» አሉ። «አንድ ቃል እኮ አልመለሰችልኝም። ከድመት ታንሻለሽ ስላት... ዝም አለችኝ።» ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሡ። «ፀሐይወርቅ ቤቷ አለች?»

ድመቷን መርፌ ወጋኋትና አብረን ሄድን። እናቴ በር ላይ ስታያቸው ነጠላዋን አስተካክላ ጎንበስ አለች። እትዬ ፅጌ ማርያም ይቅርታ የሚል ቃል አላወጡም፤ ቅርጫቱን ከፈቱላት። እናቴ ድመቷን አንስታ በአውራ ጣቷ ጎኗን ዳሰሰች።

«ዓሣ እንዴት ነው የሚቀቀለው?» አሉ እትዬ ፅጌ ማርያም። «እኔ አላውቅም።»

እናቴ ጣሳዋን ፈልጋ አወጣች። ሦስታችን ድመቷን ይዘን ወደ ሐይቁ ወረድን። አጥማጆቹ ቀረሶ ይበልታሉ፣ ትልልቆቹ ነጫጭ ወፎች ዙሪያቸውን ይጠብቃሉ፣ ከጊዮርጊስ የሚመለስ ሰው በመንገዱ ያልፋል። እናቴ ዓሣውን በሻይ ሻጯ እሳት አስቀቅላ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እሾሁን ትለቅም ጀመር። እትዬ ፅጌ ማርያም አጠገቧ ተቀምጠው ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ።

«ሰው ቢያየኝስ?» አሉ። «በሆሳዕና ዋዜማ?»

እናቴ ቀና አላለችም። «የፀሐይወርቅ ዓሣ ነው ይበሏቸው» አለች። «እኔ ለምጄዋለሁ።»

እኔ ያን ሰዓት ለአጥማጆቹም ለአላፊ አግዳሚውም፣ ይህች የእኔ እናት ናት ብዬ መጮህ ነው ያማረኝ። እትዬ ፅጌ ማርያም ነጠላቸውን ከፊታቸው አወረዱ። ከእስሩ አንድ ዘንባባ መዘዙ፤ ቀለበት ሠሩ፤ የእናቴን እጅ ያዙ።

«ኧረ እትዬ፣ እጄ ዓሣ ይሸታል» አለች እናቴ።

«ይሽተት» አሉ፤ ቀለበቱንም አጠለቁላት።